ወፍጮውን መንካት ይፈቀዳል

ሰበታ ውስጥ አንዲት ትንሽ የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም አለችን። ድሮ መኖሪያ ቤት ነበረች። የጓዳ ዕቃ፣ የእርሻ መሣሪያና የቆዩ ፎቶዎች ናቸው ሀብቷ። አስጎብኚዋም፣ ጽዳቷም፣ ቁልፍ ያዧም እኔው ነኝ። ማንም እንግዳ ደጅ እንዳይቀር ያደረግነውን ላጫውታችሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ላላችሁ ይጠቅም ይሆናል።

የተጀመረው ከደረጃው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተውም መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሚከብደው ሒሳቡ ነው። ደህና ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚወጣበት ተዳፋት፣ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የእኛ ደረጃ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 5 ሜትር ከ40 መጣ። ከፊት ለፊት ያን ያህል ቦታ የለም። በጎን አዞርነውና መታጠፊያው ላይ ዊልቸር የሚዞርበት ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ሜዳ ተውን። ግንበኛው «ይሄ ሁሉ ሲሚንቶ ለምን? አጠር አድርገን እንገላገል» አለ። ሳንቃ ደረጃው ላይ አጋድሜ «እስቲ በዚህ ካሪዮላ ግፋ» አልኩት። ካሪዮላው መሃል ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ልስኑን ደግሞ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አሻከርነው። የሰበታ ክረምት ይታወቃል።

ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። እዚህ «አይነካም» ብሎ መለጠፍ ነውር መሰለኝ። ብራናውንና ፎቶዎቹን በመስታወት ውስጥ ተውናቸው። ወፍጮው ከነመጁ፣ ሙቀጫውና ሞፈሩ ግን ወጡ። ድንጋይን እጅ ምን ያደርገዋል? አንዲት ተማሪ ወፍጮውን ስትዳብስ ቆየችና «የፈጨችበት ሴትዮ ግራኝ ነበረች እንዴ? በዚህ በኩል ይበልጥ ጎድጉዷል» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። እውነትም! አቧራውን የማራግፈው እኔ ልብ ብዬው አላውቅም። አሁን ለማንም ሳስጎበኝ ከዚያ እጀምራለሁ።

የብሬል መግለጫ ካሰባችሁ ጽሑፉን አሳጥሩ። በአማርኛ ብሬል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ የሁለት ቦታ ይወስዳል። ሰሌዳውንም ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉት፤ እጅ ሳይንጠራራ የሚያርፍበት ከፍታ ላይ ይሁን።

አግዳሚ ወንበሮቹ ለአዛውንቶች ማረፊያ ተብለው ነው የገቡት። ትርፋቸው ግን ወሬው ሆነ። አንዲት እናት ቁጭ እንዳሉ ቅሉን አዩና «ልጄ፣ ይቺን እኮ በወይራ ሳናጥን ወተት አንንጥባትም ነበር» አሉኝ። መግለጫው ላይ ጨመርነው።

ሽንት ቤቱ ይቀረናል። በሩ 65 ሴንቲ ነው፤ ለዊልቸር ቢያንስ 80 ያስፈልጋል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ መቃኑን ማስፋት ያስፈራል። አናጢው ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ ብሏል። እስከዚያው ለሚደውልልን ሁሉ አስቀድመን እንነግራለን፤ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው ኮብልስቶን እንደሚያንገጫግጭ ጭምር።