የሮለር ኮስተር ድምፅ በማዳመጥ ያሳለፍኳቸው ሁለት ወቅቶች

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ በነበረ ጋራዥ ሙያ ያስተማሩኝ ጋሼ፣ የታመመ ሞተር ከማስነካታቸው በፊት ለሳምንት ያህል ደህና ሞተር ብቻ እንዳዳምጥ አድርገውኝ ነበር። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፌ እጀታውን ከጆሮዬ አጣብቄ እቆማለሁ፤ እሳቸው በአጠገቤ ሲያልፉ ምን እንደሰማሁ ይጠይቁኛል፤ «ምንም» ካልኩ ስቀው ይሄዳሉ። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ የአውቶቡስ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ልማዱ ግን አልተወኝም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ልጄን ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ ወደተባለው የቨርጂኒያ የመዝናኛ መናፈሻ በወሰድኩ ዕለት፣ እሷ ሰልፍ ይዛ ሳለ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ የሮለር ኮስተሮቹን (ሰው አሳፍረው በአቀበትና በቁልቁለት ሐዲድ ላይ የሚበሩትን የመዝናኛ ባቡሮች) ድምፅ ማዳመጥ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በስልኬ ከአርባ በላይ ቅጂዎች ሰብስቤያለሁ፤ ሁሉንም የቀዳሁት ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ በጉዞ ላይ ስልክ መያዝ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ የነፋሱ ድምፅ ሌላውን ሁሉ ስለሚውጠው ጥቅም የለውም። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ፍላጎት ለጀመራችሁ፣ በተለይም ከጥገና ሙያ ለመጣችሁ ነው።

በመጀመሪያው ወቅት ትልቁ ስህተቴ ከፍተኛ ድምፅን ከብልሽት ጋር ማያያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የዚያው መናፈሻ ሮለር ኮስተር ሎክ ነስ ሞንስተር ባቡሩን በሰንሰለት ወደ ላይ ሲጎትት የሚሰማው ቋ ቋ የሚል ኃይለኛ ድምፅ፣ ሰንሰለቱ በጥርሶቹ ላይ እየዘለለ ያለ መስሎኝ በማስታወሻዬ ላይ «ካቴናው ላልቷል» ብዬ ጽፌ ነበር። ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። በአቀበቱ ላይ ከሰንሰለቱ ጎን ለጎን ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል፤ ከባቡሩ ሥር ደግሞ የምትወድቅና የምትነሳ የብረት ምላስ አለች። ባቡሩ በወጣ ቁጥር ምላሷ አንዱን ጥርስ አልፋ ከኋላው ትወድቃለች፤ የምንሰማው ድምፅ የዚህች ምላስ አወዳደቅ ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወይም ኃይል ቢቋረጥ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የምትይዘው እሷ ናት። ሐሳቡ ከብረት ሐዲዶች በፊት በእንጨት ሮለር ኮስተሮች ዘመን የነበረ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ጆን ሚለር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይነሳ ከሥር የሚይዙትን መሽከርከሪያዎችም በ1919 ያስመዘገበው ይኸው ሰው ነው።

ስለዚህ በአቀበት ላይ የማዳምጠው አሁን የድምፁን ትልቅነት ሳይሆን ምቱን ነው። ምላሷ ግራሶ ወይም ቆሻሻ ሲይዛት፣ ወይም የምትመልሳት ሞላ ስትደክም፣ ምቱ አንድ ቦታ ይዘላል ወይም ይዘገያል። አንዳንድ አዳዲስ ግንባታዎች ባቡሩ ወደ ላይ እስከሄደ ድረስ ምላሷን ከጥርሶቹ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ዘዴ ስላላቸው አቀበቱ ጸጥ ይላል። ኪንግስ ዶሚኒየን በተባለው ሌላ የቨርጂኒያ መናፈሻ ኢንቲሚዴተር 305 በሚል ስም በ2010 የተከፈተው ባለ 305 ጫማ (93 ሜትር ገደማ) ሮለር ኮስተር ደግሞ በሰንሰለት ፋንታ በብረት ገመድ ስለሚጎተት የካቴና ኳኳታ ጨርሶ የለበትም። ከሎክ ነስ ሞንስተር አጠገብ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጸጥታውን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ሁለተኛው ያሳሳተኝ ነገር ግሣት ነው። እዚያው ዊሊያምስበርግ ያሉት አልፐንጋይስት (1997) እና አፖሎስ ቻሪዮት (1999) በስዊዘርላንዱ ቦሊገር ኤንድ ማቢያር ኩባንያ የተሠሩ ናቸው፤ የዚህ ኩባንያ ባቡሮች ሲያልፉ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሆድ ድረስ የሚገባ ጉርምርምታ አላቸው። ምክንያቱ ከሐዲዱ ቅርጽ ይመነጫል። መሽከርከሪያዎቹ የሚሄዱባቸውን ሁለቱን ቱቦዎች የሚሸከመው ከመሐል ያለው ወፍራም ዋልታ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ሣጥን ነው፤ መሽከርከሪያው በቱቦው ላይ የሚፈጥረው ንዝረት በማያያዣዎቹ በኩል ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ሣጥኑም እንደ ከበሮ ሆድ ያጎላዋል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ መኖሪያ ቤት ቅርብ በሆነበት ቦታ ሣጥኑን በአሸዋ ወይም በደቃቅ ጠጠር ይሞሉታል፤ አሸዋው ንዝረቱን በፍትጊያ ወደ ሙቀት እየቀየረ ይበላዋል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ሐዲድ ላይ ግሣቱ በድንገት የሚቀንስበት ቦታ ብትሰሙ አንዳች ነገር ተሰብሯል ብላችሁ አትጻፉ፤ ምናልባት በአሸዋ የተሞላው ክፍል የጀመረው እዚያ ነው።

ስለ ዶፕለር ውጤት፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሲቀርብ ድምፁ ስለመቅጠኑና ሲርቅ ስለመወፈሩ፣ በአጭሩ ልናገርና ልለፈው። ባቡር በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር እየበረረ በአጠገባችሁ ሲያልፍ የድምፁ ድግግሞሽ በ16 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ በፒያኖ ቁልፍ ቢቆጠር ሦስት ግማሽ ድምፅ ማለት ነው። እኔ ይህን «ኩሽኔታ (መሽከርከሪያው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) እየያዘ ነው» ብዬ የመዘገብኩባቸው አምስት ቅጂዎች አሉኝ፤ አልሰረዝኳቸውም፤ እንዲያሳፍሩኝ አስቀምጫቸዋለሁ።

ወደ እውነተኛው ጉዳይ የገባሁት ስለ መሽከርከሪያዎች መማር ስጀምር ነው። የብረት ሮለር ኮስተር መሽከርከሪያ አብዛኛውን ጊዜ የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የተጣበቀ የፖሊዩሪቴን ጎማ ሲሆን፣ በሐዲዱ ላይ ሆነው ክብደት የሚሸከሙ፣ ከጎን የሚመሩና ከሥር የሚይዙ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ባቡሩ ሌሊቱን በአንድ ቦታ ቆሞ ሲያድር ክብደት የሚሸከሙት ጎማዎች ሐዲዱን በነኩበት በኩል ትንሽ ጠፍጠፍ ይላሉ፤ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሱም ድው ድው የሚል ምት ያሰማሉ፤ ጎማው ሲሞቅና ወደ ክብነቱ ሲመለስ ድምፁ ይጠፋል። ከመክፈቻ ሰዓት በፊት ባዶ ባቡሮች ደጋግመው ሲዞሩ የምናየው ከሌሎች ፍተሻዎች ጋር ይህንንም ስለሚረዳ ነው። ጥርጣሬ የሚገባው፣ ከሰዓት በኋላም ሳይጠፋ የሚቀጥል ምት ነው፤ ያኔ ጎማው ከቸርኬው መላቀቅ ወይም መቆራረስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከፖሊዩሪቴን ይልቅ ጠንካራ የሆነ የናይለን ጎማ የተገጠመለት ባቡር ደግሞ በተፈጥሮው ይበልጥ ይጮኻል፤ ናይለን በቀላሉ ስለሚንከባለል በቀዝቃዛ ወራት ባቡሩ ፍጥነት እንዳያንሰው ሲባል የሚቀይሩት አሉ፤ ድምፁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢለወጥ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ምቱን መቁጠር የሚቻለው ባቡሩ ሲዘገይ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሽከርከሪያ አንድ ጊዜ ሲዞር 94 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባቡሩ ከፍሬኑ ወጥቶ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወደ ጣቢያው ሲገባ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይመታል ማለት ነው፤ ይህንን ጆሮ ያለ ችግር ይቆጥረዋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ምቱ በሰከንድ ከ21 በላይ ስለሚሆን ቁጥሩ ይጠፋና እንደ አንድ ቀጣይ ወፍራም ድምፅ ይሰማል። የኩሽኔታ ብልሽት ከዚህ ይለያል፤ እሱ ምት ሳይሆን ፍጭት ያለው ጉርምርምታ ነው፤ ጭነት ሲበዛበት ይብሳል። የትኛው መሽከርከሪያ እንደሆነ የሚጠቁመውም ጭነቱ ነው፦ ድምፁ በኩርባ ላይ ብቻ ከጎላ የጎኖቹ፣ በጉብታ ጫፍ ላይ ብቻ ከተሰማ ከሥር የሚይዙት ናቸው፤ ከሥር ያሉት ሐዲዱን በደንብ የሚነኩት ባቡሩ ተሳፋሪውን ከመቀመጫው በሚያነሳበት ጊዜ ነውና። ነገር ግን እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆመው የነበሩ መሽከርከሪያዎች ሐዲዱን በድንገት ሲነኩ በቅጽበት መሽከርከር ስላለባቸው ዚ የሚል አጭር ድምፅ ያወጣሉ፤ ይህ በአፖሎስ ቻሪዮት ዓይነት ባለ ብዙ ጉብታ ሮለር ኮስተሮች ላይ የዘወትር ነው።

አሁን የምከተለውን ሥርዓት ያገኘሁት ባፈርኩበት ቀን ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መናፈሻ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ኩርባ መውጫ ላይ ገጭ የሚል ድምፅ ሰምቼ፣ ሦስት ጊዜ ካረጋገጥኩ በኋላ በመግቢያው ላይ ለቆመችው ሠራተኛ ሐዲዱ ተበላሽቷል ብዬ ነገርኳት። አክብራኝ የጥገና ባለሙያ ጠራችልኝ። ሰውየው ፀጉሩ የሸበተ ነበር፤ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ከሰማኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «የትኛው ባቡር ሲያልፍ ነው?» ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ፣ እየተፈራረቁ መሄዳቸውን አይቻለሁ፤ ግን አልመዘገብኩም። አብረን ቆመን አዳመጥን። ቀዩ ሲያልፍ ገጭ አለ፤ ሰማያዊው ሲያልፍ ዝም። ቀዩን በሌላ ኩርባ ላይ ስናዳምጠውም ገጭ አለ። ነገሩ የሐዲዱ ሳይሆን የባቡሩ ነበር፤ በሁለት መኪኖቹ መካከል ያለው ማያያዣ ክፍተት ኖሮት ባቡሩ ከኩርባ ሲወጣ ይመታል። ባለሙያው በማስታወሻው ላይ ጽፎ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔ ግን በአውቶቡስ ላይ በየቀኑ የምጠይቀውን ጥያቄ እዚህ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ለሳምንት ያህል ተናድጃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ድምፅ መጀመሪያ የምጠይቀው ከምን ጋር እንደሚደጋገም ነው። አንድ ባቡር የትም ሲሄድ ይዞት የሚዞር ከሆነ በመሽከርከሪያ፣ በኩሽኔታ፣ በማያያዣ ወይም በመቀመጫ መያዣ ውስጥ እፈልገዋለሁ። ሁሉም ባቡሮች በአንድ ቦታ ላይ የሚያሰሙት ከሆነ የቦታው ነው። የብረት ሐዲድ በፋብሪካ በቁራጭ ተሠርቶ በቦታው በቡሎን ስለሚታሰር በየመገጣጠሚያው ትንሽ ጠቅታ ይኖራል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ቡሎን ሲላላ ግን ጠቅታው ይጎላል፤ አንዳንዴም ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሁለተኛ፣ ደከም ያለ ጠቅታ ይከተለዋል፤ ጭነቱ ሲነሳለት የተከፈተው መገጣጠሚያ ሲዘጋ የሚያሰማው ነው። ምሰሶ ከኮንክሪት መሠረቱ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ሲላላም ድምፁ ከታች፣ ከመሬት አጠገብ ይመጣል፤ ለመለየት ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ ይበቃል። (ሰዎች ምን እንደጠፋብኝ ጠይቀውኛል።)

የጆሮን ልክ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። ካሮዊንድስ በተባለውና በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ድንበር ላይ በሚገኘው መናፈሻ ውስጥ፣ በ2015 በተከፈተው ፉሪ 325 ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2023 አንድ ጎብኚ ምሰሶው መሰንጠቁን አይቶ በቪዲዮ ቀረጸ፤ ባቡሩ ሲያልፍ ስንጥቁ ሲከፈት በግልጽ ይታያል። ሮለር ኮስተሩ ወዲያው ተዘግቶ ምሰሶው ተቀየረ፤ በነሐሴም እንደገና ተከፈተ። ያን ስንጥቅ ያገኘው ዓይን ነው። በብረት ድካም የሚጀምር ስንጥቅ ረጅም ጊዜ ያለ ድምፅ ስለሚያድግ፣ ባለሙያዎች በማግኔት ዱቄት፣ በቀለምና በአልትራሳውንድ ብየዳዎቹን ይመረምራሉ፤ በዚህ ረገድ የእኔ ስልክ ምንም አይረዳም።

ፍሬን ላይ የሚሰማው ሲጥ የሚል ጩኸት የራሱ ታሪክ አለው። ባቡሩ ሥር ያለውን የብረት ምላጭ የፍሬን ሸራ ሲጨብጠው፣ ሸራው ለቅጽበት ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል፤ ይህ በሰከንድ በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ ሲደጋገም ፉጨት ይሆናል። የማሲንቆ ጭራ ክሩን የሚያናግረው በዚሁ መንገድ ነው። ሸራው ሲረጥብ ወይም ገጹ ሲያብረቀርቅ ጩኸቱ ይብሳል፤ በጣቢያው ውስጥ ባቡሩን የሚገፉት የላስቲክ ጎማዎችም ዝናብ ሲነካቸው እንዲሁ ይጮኻሉ። ፍሬኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማው ሹሽ የሚል ድምፅ የታመቀ አየር ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የሚዘጋው ሞላ ሲሆን አየሩ የሚያስፈልገው ለመክፈት ስለሆነ፣ አየር ቢጠፋ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም። የማግኔት ፍሬን ምንም ስለማይነካካ ዝም ብሎ ያዘገያል። በዊሊያምስበርግ በ2022 የተከፈተው ፓንቲዮን የተባለው ሮለር ኮስተር ላይ ባቡሩን በማግኔት ኃይል የሚወነጭፉት ሞተሮች የሚያሰሙት ከፍጥነቱ ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ዜማም የኤሌክትሪክ ድግግሞሹ ነው፤ ሜካኒካዊ አይደለም፤ ስለዚህ ከማስታወሻዬ አስወጥቼዋለሁ።

በዚህ ወቅት የያዝኩት ሥራ የማታ ጠቅታ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ምንም ባቡር ሳይሄድ፣ ከሐዲዱ በኩል አልፎ አልፎ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል። ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፤ 100 ሜትር ሐዲድ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ይህ እንቅስቃሴ በየመገጣጠሚያውና በየምሰሶው ራስ ላይ ተጠራቅሞ በድንገት ሲለቀቅ ይሰማል ብዬ አስባለሁ። ለማረጋገጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ በየአሥር ደቂቃው የአየሩን ሙቀትና የጠቅታውን ብዛት እየመዘገብኩ ነው። እስካሁን አራት ምሽቶች አሉኝ፤ በሦስቱ ጠቅታው የበዛው ከመጥለቂያው ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ በአራተኛው ዝናብ ስለነበር ከጣሪያው ጠብታ በስተቀር ምንም አልሰማሁም።