ሆስቲንጉ ተከፍሏል፣ ዌብሳይቱ ግን የለም

ሰው "ሆስቲንግ ገዛሁ" ብሎ ሲያበስረኝ ስለ ጊጋባይቱ አልጠይቅም። "ዶሜኑ በማን ስም ነው የተመዘገበው?" ነው የምለው። ብዙዎቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። አይፈረድባቸውም። ሁለቱ አንድ ፓኬጅ ውስጥ አብረው ስለሚሸጡ አንድ ዕቃ ይመስላሉ። አይደሉም፤ ሆስቲንግ የዌብሳይታችሁ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ ነው፣ ዶሜን ደግሞ ዌብሳይቱ የሚጠራበት ስም።

ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ልዩነቱን ያወቀችው ጉድ ከፈላ በኋላ ነው። ዌብሳይቷን የሠራላት ልጅ ሁሉን ጨርሶ ነበር ያስረከባት። የሆስቲንጉን ክፍያ በየዓመቱ እሷ ትከፍላለች። አንድ ቀን ጠዋት ዌብሳይቱ የለም። ብራውዘሩ "እንዲህ የሚባል አድራሻ አላገኘሁም" ይላል። ሆስቲንጉ ጋ ብትደውል "በእኛ በኩል ሁሉም ሰላም ነው" አሏት። "ከፍዬ፣ ደረሰኝ ይዤ፣ ምን ማለት ነው ሰላም?" ብላ እኔ ላይ ጮኸች። ሰዎቹ ግን እውነታቸውን ነበር።

ከሰርቨሩ እንጀምር። ሰርቨር ተአምር የለውም። ሌት ተቀን የማይጠፋ፣ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ነው። ዌብን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ሲርን በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ የመጀመሪያውን ዌብሳይት ሲያስኬድ ሰርቨሩ እዚያው የሚሠራበት የኔክስት ኮምፒውተር ነበር። ማንም መጥቶ እንዳያጠፋው "ይህ ሰርቨር ነው፣ እንዳታጠፉት" የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። ሆስቲንግ የምትከፍሉት እንዲህ ዓይነቱን ጣጣ ሌላ ሰው እንዲይዝላችሁ ነው። መብራቱ፣ ማቀዝቀዣው፣ መስመሩ የእነሱ ራስ ምታት ነው። እናንተ ፋይሎቻችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ ተከራያችሁ ማለት ነው።

ዶሜን ደግሞ ስም ብቻ ነው። ምንም ፋይል አይዝም። ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት እንደ 203.0.113.25 ባለ ቁጥር ነው፣ አይፒ አድራሻ በሚባለው። ስሙን ወደ ቁጥሩ የሚመራው ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ዲኤንኤስን የኮምፒውተር ባለሙያው ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ከመንደፉ በፊት ስሞችና ቁጥሮች የሚጻፉት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነበር። ያንን ፋይል ሁሉም እየገለበጠ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። የሚገርመው፣ የዚያ ፋይል ርዝራዥ ዛሬም ላፕቶፓችሁ ውስጥ አለ። ስሙ "ሆስትስ" ነው። አሁንም ይሠራል።

የጓደኛዬን ነገር ያጣራሁት በእሱ ነው። ላፕቶፕዋ ላይ ሆስትስን ከፈትኩ። ከሆስቲንጉ ኮንትሮል ፓነል የሰርቨሩን ቁጥር ገለበጥኩ። በአንድ መስመር ቁጥሩን፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የዶሜኑን ስም ጻፍኩና ሴቭ አደረግኩ። ሪፍሬሽ ስትል የሙሽሮቿ ፎቶ ከተፍ አለ። "እንዴ! ተመለሰ!" አለች። ስልክሽን ሞክሪ አልኳት። ስልኩ ላይ ምንም የለም። ያቺ መስመር የምትሠራው ለላፕቶፕዋ ብቻ ነዋ። ፋይሎቹ አንድም አልጎደሉም፤ የጠፋው ወደ እነሱ የሚወስደው ስም ነው። "ላም አለኝ በሰማይ" ያለችው ያኔ ነው።

ቁጥሩን በቀጥታ ብራውዘር ላይ ብንጽፈውስ? ተራ ሆስቲንግ ላይ አይሆንም። በአንድ አይፒ በመቶ የሚቆጠሩ ዌብሳይቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ሰርቨሩ የትኛውን እንደሚያወጣ የሚለየው ብራውዘሩ በጠራው ስም ነው። ስም ካልተጠራ የእናንተ ያልሆነ ገጽ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ለካ ዶሜኑ በሠራላት ልጅ ስም ነበር የተመዘገበው። "ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ አድሱ" የሚሉት ማስታወሻዎች ልጁ መጠቀም ባቆመው ኢሜይል ሲገቡ ከርመዋል። ደግነቱ ልጁ ጨዋ ነው። ስናገኘው ወዲያው አደሰላት። ዶትኮም ዶሜን ጊዜው ሲያልቅ በአንድ ጊዜ አይሄድም። መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የዕፎይታ ቀናት አሉ። ከዚያ ለማስመለስ ከበድ ያለ ክፍያ የሚጠየቅበት 30 ቀን ይመጣል። ከዚያ 5 ቀን ይቆለፋል። በመጨረሻ ቀድሞ የደረሰ ማንም ሰው ይወስደዋል። ጥሩ ስም ከሆነ የሚጠብቁ አሉ፣ እመኑኝ።

አሁን ዶሜኑ በራሷ ስም፣ በራሷ አካውንት ነው። ከልጁ የማዛወሪያ ኮድ ተቀብላ አዛወረችው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነገርኳት። የዶሜኑ አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል በዚያው ዶሜን ላይ ያለ መሆን የለበትም። ዶሜኑ ሲዘጋ ኢሜይሉም አብሮ ይዘጋል። "አድሱ" የሚለው መልእክትም ሆነ ፓስወርድ መቀየሪያው ሊንክ አይደርሳችሁም። በራችሁን ቆልፋችሁ ቁልፉን ውስጥ ተዋችሁት ማለት ነው።

ስለ ሆስቲንግ ዓይነቶች ብዙ ባልል ይሻላል። ለመጀመሪያ ዌብሳይት ተራው ሼርድ ሆስቲንግ፣ አንዱን ሰርቨር ከሌሎች ጋር የምትጋሩበት፣ ይበቃል። ቪፒኤስ፣ ማለትም ለብቻችሁ የተከፈለ የሰርቨር ድርሻ፣ ግዙ የሚላችሁ ካለ ሰርቨሩን ማን እንደሚያስተዳድር ጠይቁት፤ አፕዴቱም ጥበቃውም እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። "አንሊሚትድ"፣ ገደብ የለውም፣ የሚለውን ማስታወቂያ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። ውሉ ውስጥ ስትገቡ የፋይል ብዛት ገደብ አይጠፋም። ይልቅ ራሳችሁ አስሉ። አንድ ገጻችሁ 2 ሜጋባይት ቢሆንና በወር 1000 ጊዜ ቢከፈት የሚተላለፈው ዳታ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ብዙ የሚፈልግ ጀማሪ እምብዛም ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ እርሱትና ሲታደስ ስንት እንደሚሆን እዩ። በዌብሳይቱና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን ዳታ የሚያመሰጥረው ኤስኤስኤል ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባል ድርጅት በነፃ ይገኛል። ብዙ ሆስቲንጎች በአንድ ክሊክ ይጭኑላችኋል፣ ራሱም ይታደሳል። ለተራ ብሎግ ለዚህ ገንዘብ አታውጡ።

ባክአፕን፣ የመጠባበቂያ ኮፒውን፣ ግን ቀልድ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ አንድ ትልቅ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል ባክአፓቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ስለዚህ ኮፒው ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ቢያንስ ላፕቶፓችሁ ላይ። ዎርድፕሬስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ፎልደሩን ብቻ ማውረድ አይበቃም። ፎቶዎቹ ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ የጻፋችሁት ግን ዳታቤዝ በሚባል ለብቻው ያለ ማከማቻ ውስጥ ነው።

ጓደኛዬ በቅርቡ ሆስቲንጓን ቀየረች። ዶሜኑ በእጇ ስለሆነ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም። ፋይሎቹንና ዳታቤዙን አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫነች። ዶሜኑ ኢሜይል ስለሌለው ዲኤንኤስ ላይ የቀየረችው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከመቀየሯ አንድ ቀን በፊት ቲቲኤል የሚባለውን ከ86400 ወደ 300 አወረደችው። በሰከንድ ነው፤ ሌሎች ኮምፒውተሮች አሮጌውን ቁጥር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዙት የሚወስነው እሱ ነው። አሮጌውን ሆስቲንግ ለሳምንት ያህል ሳትዘጋው አቆየችው፤ አንዳንዱ ጎብኚ አሮጌውን፣ አንዳንዱ አዲሱን ሊያይ ስለሚችል።