የሷን ነጠቁ፣ ለሱ ግን አልሰጡትም

በብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ በ2016 ሕዝቡ ድምፅ በሰጠበት ጉዳይ፣ እኔ «እንቆይ» ካሉት ወገን ነበርኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ። ሰሞኑን የሚከነክነኝ ግን «እንውጣ» ብሎ የመረጠ አንድ የአገሬ ልጅ ነው። ወንድሜ ብዬ የምጠራው፣ ለንደን ውስጥ ክፉ ቀንን አብረን ያሳለፍን ሰው ነው። እሱን በቴሌቪዥን ከሚነገረው ታሪክ ውስጥ ፈልጌ አጣዋለሁ።

በቴሌቪዥኑ ታሪክ «እንውጣ» ያለው ሰው ዕድሜው የገፋ፣ ፋብሪካ በተዘጋበት ከተማ የሚኖር ነጭ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ሊንከንሻየር ውስጥ ያለችው ቦስተን በ75.6 በመቶ «እንውጣ» ብላለች። እዚህ ለንደን ላምቤዝ ደግሞ በ78.6 በመቶ «እንቆይ» ብሏል። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሁለቱ የአንድ አገር ሰዎች አይመስሉም። በርሚንግሃምስ? ከለንደን ቀጥሎ ትልቁ ከተማ ነው። ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው ሞልቶበታል። በ50.4 በመቶ «እንውጣ» አለ። ከፓኪስታን፣ ከህንድ፣ ከጃማይካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም «እንውጣ» ካሉት ውስጥ ነበሩ። የኛም ሰው ነበረበት። ይህን ግን ደፍሮ የሚያወራ ሰው ብዙም አልገጠመኝም።

የወንድሜ ነገር እንዲህ ነው። ሆቴል ውስጥ ማድቤት ነው የሚሠራው። ጥገኝነት አገኘ፣ ዓመታት ጠበቀ፣ ፈተናውን አለፈ፣ ለንግሥቲቱ ታማኝ ለመሆን ምሎ የእንግሊዝ ፓስፖርት ያዘ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ አገባ። ሚስቱን ለማምጣት ሲነሳ ግን በሩ ተዘጋበት። ከጁላይ 2012 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የትዳር ጓደኛውን ከውጭ የሚያመጣ ዜጋ በዓመት ቢያንስ 18,600 ፓውንድ ገቢ ሊኖረው ይገባል ተባለ። በዚያን ጊዜ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው እዚያ አይደርስም። የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት ይጠየቃል። የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል። ሚስትየዋ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለባት። አንድ ወር ሺፍት ከተቀነሰበት የለፋበት ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል።

በዚህ መሃል ልጅ ተወለደ። አባቱ ዜጋ ስለሆነ ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ እንግሊዛዊ ነው። ፓስፖርት ወጣለት። እናቱ ግን ቪዛ የላትም። የሚጠባ ልጅ ያለ እናቱ ይምጣ?

ሌላዋ ደግሞ ጎረቤቴ ናት። እሷም ሐበሻ ናት። መጀመሪያ የገባችው ሆላንድ ነው። እዚያ ዜግነት ወሰደች። ከዚያ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ይማሩ ብላ ወደ ለንደን ጠቀለለች። ባሏን ከአዲስ አበባ ስታመጣ የ18,600ው ሕግ አልነካትም። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ናት፤ በኅብረቱ ሕግ ነው ያመጣችው። ሥራ እንዳላት አሳየች፣ የጋብቻ ወረቀቷን አቀረበች፣ አለቀ። ለቪዛው እንኳ ክፍያ የለም።

እስቲ አስቡት። ሁለቱም ከአንድ አገር ወጡ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሱት። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ሰው እንግሊዝ ውስጥ ሚስቱን ማምጣት አቃተው። የሆላንድ ፓስፖርት ያላት ባሏን በወራት ውስጥ አጠገቧ አደረገች። «እህቴ፣ ለንግሥቲቱ የማልኩት እኮ እኔ ነኝ!» ይለኝ ነበር። ይህን ሲል ፊቱን ማየት አልችልም። እውነቱን ነዋ።

እንግዲህ በ2016 «እንውጣ» የሚሉት ፖለቲከኞች ይህን ቁስል አውቀውታል። ከነሱ አንዷ ፕሪቲ ፓቴል የእስያ ምግብ ቤት ባለቤቶችን እየዞረች፣ ከኅብረቱ ብንወጣ ከህንድና ከባንግላዴሽ ምግብ አብሳይ ማምጣት ይቀላችኋል ትል ነበር። መልእክቱ ግልጽ ነው። ፖላንዳዊው ያለ ቪዛ ይገባል፣ የናንተ ሰው ግን ይከለከላል፤ ይህን እናስተካክላለን ነው። ወንድሜ የሰማው ይህንን ነው። የ«እንውጣ» ዘመቻ ቀዩ አውቶብስ ላይ ለኅብረቱ እንከፍላለን ተብሎ ስለተጻፈው በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም።

ከኛ በኩልስ ምን ተባለ? የገንዘብ ሚኒስቴሩ በ2030 እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ያጣል አለ። ባንኮች ይሄዳሉ፣ ፓውንድ ይወድቃል ተባለ። ፓውንዱ በርግጥም ወድቋል። ግን ሚስቱ ቦሌ ቆማ እያለቀሰች ለሸኘችው ሰው ይህ ምኑ ነው? ስለሱ ሕይወት የተናገረ አንድም የ«እንቆይ» ፖለቲከኛ አልሰማሁም። ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

እኔ ግን ያኔም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ያንን ሕግ ያወጣው ብራስልስ የተቀመጠው የአውሮፓ ኅብረት አይደለም። የለንደን መንግሥት ነው። ያወጣችውም የዚያን ጊዜዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ናት። የኅብረቱ ሕግማ ቤተሰብን በመሰብሰብ በኩል የተሻለ ነበር፤ ጎረቤቴ ምስክር ናት። በደሉ እውነት ነው፣ የተመታው ግን ሌላ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ። ከኅብረቱ ብንወጣ የሷ መብት ይቀራል እንጂ ያንተ አይመጣም አልኩት። «ቢያንስ እኩል እንሆናለን» አለኝ።

ጁን 23፣ በኛ ሰኔ 16፣ እሱም እኔም መረጥን። ጎረቤቴ አልመረጠችም። መምረጥ አትችልም። አሥር ዓመት ኖራ፣ ግብር ከፍላ፣ ልጆቿን እዚሁ አሳድጋ ስለ ራሷ ዕጣ ድምፅ የላትም። ሕጉ እንዲህ ነው። የኮመንዌልዝ አገር ሰው እዚህ የመኖር ፈቃድ ካለው ይመርጣል። ናይጄሪያዊው፣ ኬንያዊው፣ ህንዳዊው መረጡ። ከአየርላንድ፣ ከማልታና ከቆጵሮስ በስተቀር የአውሮፓ ዜጋ ግን አይመርጥም። ዜግነት ያልወሰደ ኢትዮጵያዊም አይመርጥም። «እናንተ ምረጡልን፣ እኛ እንጸልይ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት 51.9 ለ48.1 ሆኖ አደረ። ስኮትላንድ በ62 በመቶ «እንቆይ» ብላ ነበር። ሰሜን አየርላንድም «እንቆይ» አለች። እንግሊዝና ዌልስ ግን «እንውጣ» አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን ከቤቱ ደጅ ቆሞ ሥልጣኑን እንደሚለቅ ተናገረ። ፓውንድ ከዶላር አንጻር ከ1985 ወዲህ ወዳልታየ ዋጋ ወረደ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ያን ሳምንት ነው የተሰማን። ለእናቴ የምልከው ያው ፓውንድ ነበር፤ እሷ የምትቀበለው ብር ግን አነሰ።

ከዚያ በፊት በሳምንቱ፣ ጁን 16፣ የፓርላማ አባሏ ጆ ኮክስ መራጮቿን ልታነጋግር በሄደችበት ተገድላለች። የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት ነበረች። ለስደተኞች የምትከራከር ሴት ነበረች። ከድምፁ በኋላ ደግሞ ሃመርስሚዝ ያለው የፖላንዶች የባህል ማዕከል በር ላይ የጥላቻ ጽሑፍ ተጻፈ። ጎረቤቴ አውቶብስ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ሆላንድኛ ማውራት አቆመች። አማርኛም ቀነሰች። ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

ወንድሜና እሷ የተጣሉት አንድ ክርስትና ላይ ነው። ምግቡ ገና አልቀረበም ነበር። «ልጆቼን ልታስወጣብኝ ነው የመረጥከው?» አለችው። እሱም «አንቺ ባልሽ አጠገብሽ ነው፤ እኔ ልጄን በስልክ ነው የማሳድገው» አላት። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የዕድሜ ባለጸጎች ገብተው «ተዉ በቃ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ አልነበራቸውም። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው።

የሚቀጥሉትን ዓመታት አገሩ ሁሉ በፓርላማ ፊት ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ያንን 18,600 ያወጣችው ቴሬዛ ሜይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና «ውጡ» የተባለውን እንድትፈጽም ተቀመጠች። የተደራደረችው ስምምነት በጃንዋሪ 2019 በ432 ለ202 ወደቀ። በ230 ድምፅ ልዩነት ማለት ነው። በዘመናዊው የአገሪቱ ታሪክ መንግሥት እንዲህ ተሸንፎ አያውቅም። አፈ ጉባኤው ጆን ቤርኮው «ኦርደር! ኦርደር!» ሲል ልጆቻችን እንኳ ይደግሙት ነበር።

ትልቁ እንቅፋት የአየርላንድ ድንበር ነበር። በምርጫው ቅስቀሳ ጊዜ ስለሱ የተወራው ጥቂት ነው። ሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝ መንግሥት አካል ናት፣ አየርላንድ ሪፐብሊክ የኅብረቱ አባል ናት። ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ በመካከላቸው ወታደርም ፍተሻም የለም። ከኅብረቱ ሲወጣ ጉምሩክ የግድ አንድ ቦታ ይቆማል። የብስ ላይ ከቆመ ሰላሙን ይነካል። ባሕር ላይ ከቆመ አገሩን ከራሱ ይለያል። በመጨረሻ ባሕሩ ላይ ቆመ። በደም የተገዛ ሰላም ነው። የኛ አገር ሰው ድንበር ላይ የሚያድር ጦር ምን እንደሚያመጣ ስለሚያውቅ ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ ያስጨንቀኝ ነበር።

ያኔ ከሐበሻ ጋር ስንሰባሰብ አንቀጽ 39 ሳይነሳ አይቀርም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለመገንጠል የሚያስፈልገውን በአምስት ነጥብ ዘርዝሮታል። የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ፣ ብልጫ ያለው ድምፅ፣ የሥልጣን ርክክብ፣ የንብረት ክፍፍል። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 50ም አምስት ነጥብ ነው ያለው። የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጣል። በወረቀት ሁለቱም አጭር ናቸው። የትኛው ባል ከየትኛው ሚስት ጋር የት ይኖራል የሚለውን ግን አንዳቸውም አይመልሱም። እንግሊዞች በሁለት ዓመት ያልቃል ብለው የጀመሩት በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው የወጡት። ሽግግሩ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆየ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሥልጣን ለቀዋል፣ ሁለት ምርጫ ተካሂዷል።

የወንድሜ ሚስት የመጣችው ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ነው። ብሬግዚት አይደለም ያመጣት። ከማድቤት ሲወጣ ሌሊት ቢሮ እያጸዳ ሁለት ደመወዝ ደምሮ ነው 18,600 የሞላው። ልጁ አባቱን ሲያይ ደንግጦ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። እኔም ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ።

ጎረቤቴ ደግሞ ፓስፖርቷን በስልክ ፎቶ አንስታ፣ የኖረችበትን ዓመት አስመስክራ፣ «ሴትልድ ስታተስ» የሚባለውን፣ ለኅብረቱ ዜጎች የተሰጠውን የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ፣ አገኘች። ልጆቿም አገኙ። ቀነ ገደቡ ጁን 30 ቀን 2021 ነበር። እኔ ነኝ የሞላሁላት። ቀላል ነበር፤ ግን እንግዳ አይደለሁም ብላ የኖረች ሴት እንግዳ አለመሆኗን በማመልከቻ እንድትጠይቅ መደረጓ ልክ አይደለም።

ከ2021 ጀምሮ አዲስ ለሚመጣ ሰው ሕጉ አንድ ሆነ። ከሆላንድም ይምጣ ከኢትዮጵያ፣ ያው ቪዛ፣ ያው ክፍያ፣ ያው የገቢ መጠን። ወንድሜ የፈለገው እኩልነት መጣ ማለት ነው። የመጣው ግን ከላይ ያለችውን ወደ ታች በማውረድ ነው። የሷን ነጥቀው ለሱ አልሰጡትም። በኤፕሪል 2024 ደግሞ 18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ አለ። መጀመሪያ 38,700 ሊያደርጉት ነበር ያሰቡት። አሁን ብራስልስ የለችም። ሕጉን የሚያወጡት ለንደን የተቀመጡ፣ እኛ የምንመርጣቸው ሰዎች ናቸው።

በቀደም ይህን አንስተን አንድ ሙሉ ማታ ተከራከርን። የእህቱ ልጅ ሊያገባ ነው። እዚሁ አድጎ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ እጮኛው ባሕር ዳር ናት። 29,000ው አልሞላለትም። ወንድሜ አሁንም ድምፄ አይቆጨኝም ይላል። «ሰምተው እንደማያውቁን ያኔ ነው የነገርኳቸው» አለኝ። እኔ ደግሞ የነገርካቸው ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሩን ቆጥረው የፈለጉትን ትርጉም ሰጡት አልኩት። አልተስማማንም። በአንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ 29,000 የሚለው ሕግ መነሳት አለበት።

አርብ የፓርላማ ተወካያችን የአካባቢውን ሰው የሚያነጋግርበት ቀን ነው። እሱ፣ የእህቱ ልጅና እኔ እንሄዳለን። የደመወዝ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ጎረቤቴንም አብረሽን ነይ ብያታለሁ። «እሱ ይመጣል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሺፍቷን አይታ ልትደውልልኝ ነው።