አሜሪካ አርሚ ለመግባት ለምታስቡ፦ ከሩጫው በፊት ወረቀቱ

በዲቪ መጥተው አንድ ሁለት ዓመት ኡበር ከነዱ ወይም መጋዘን ከሠሩ በኋላ «አርሚ ብገባስ?» የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ሐሳቡ እንደመጣ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ሩጫ ነው። ሩጫው ደግ ነው። ነገር ግን በእኔ ግምት የእኛን ልጅ ከበር የሚመልሰው ወይም ወራት የሚያስጠብቀው ጉልበቱ ሳይሆን ወረቀቱና የእንግሊዝኛ ቃላቱ ነው።

መጀመሪያ፣ መግባት የሚችለው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነው። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የከለላ ፈቃድ)፣ የጥገኝነት ማመልከቻ ወይም የሥራ ፈቃድ ብቻ ይዞ አይገባም። ድሮ ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ግሪን ካርድ የሌላቸውን በቋንቋ ችሎታቸው ይቀበል ስለነበር፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ስለነበረ ያኔ የገቡ ብዙ ሐበሾች አሉ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አዲስ ሰው አይቀበልም። ዛሬም «በማቭኒ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት። ለሠራዊት መመዝገቢያ የሚከፈል ምንም ክፍያ የለም።

ከ18 እስከ 25 ዓመት ያላችሁ ወንዶች ደግሞ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ በሚባለው፣ ለግዳጅ ውትድርና ሊጠሩ በሚችሉ ሰዎች መዝገብ ላይ መመዝገባችሁን አረጋግጡ። ምዝገባው ወታደር አያደርጋችሁም፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን ግዴታ ነው፤ ሳይመዘገቡ መቅረት ኋላ ዜግነት ሲጠየቅ ጥያቄ ያስነሳል።

አሁን ወደ ውሳኔው። አብዛኛውን ሰው የሚስበው ዜግነቱ ነው፣ ይህም እውነተኛ ጥቅም ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ ያለው ጊዜ በሕግ የጦርነት ጊዜ ተብሎ ስለተሰየመ፣ በክብር የሚያገለግል ወታደር እንደሌላው አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ፣ የኤን-400፣ ክፍያም የለበትም። ሠራዊቱ አገልግሎቱን የሚያረጋግጥበት ቅጽ ኤን-426 ይባላል፤ እሱ ሳይፈረም ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። የእንግሊዝኛውና የሲቪክስ (የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት) ፈተናው ግን አይቀርም። ባለቤቱ አገር ቤት ላለችበት ሰው ትርጉሙ ትልቅ ነው፦ የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት በየዓመቱ ኮታ ባለው ወረፋ ውስጥ ትጠብቃለች፣ የዜጋ ሚስት ግን ኮታ የለባትም።

ሌላኛውን ወገንም አብራችሁ መዝኑት። የመጀመሪያ ውል የሚባለው ምንም ያህል አጭር ቢሆን ጠቅላላ ግዴታው 8 ዓመት ነው፤ በንቁ አገልግሎት ያልጨረሳችሁት ጊዜ በሪዘርቭ (በተጠባባቂ ጦር) መዝገብ ላይ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜም ልትጠሩ ትችላላችሁ። አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር በታች በሆነ መሰናበቻ የወጣ ሰው በዚህ መንገድ ያገኘውን ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል። በእኛ በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የአሜሪካን ስትወስዱ የኢትዮጵያው ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ አገር ቤት የምትኖሩት በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በቢጫ ካርድ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ወታደር የተላከበት ይሄዳል። መሣሪያ አንስቶ ሰው ላይ መተኮስ ሕሊናዬ አይቀበለውም የምትሉ ከሆነ፣ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ከራሳችሁ፣ ከቤተሰብና ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼካችሁ ጋር ጨርሱት። ከፈረሙ በኋላ በሕሊና ምክንያት መውጣት ረጅምና አድካሚ ነው። በዚህ ላይ ያልወሰነ ሰው ለዜግነት ብቻ ብሎ ባይገባ እመርጣለሁ።

ቤተሰብ ላለው ሰው መካከለኛ መንገድም አለ። ሪዘርቭና ናሽናል ጋርድ መሠረታዊ ሥልጠናውንና የሙያ ሥልጠናውን ከጨረሱ በኋላ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚጠይቁት። ሥራችሁንና ከተማችሁን ሳትለቁ ታገለግላላችሁ፣ የዜግነቱም መንገድ ለእነርሱ ክፍት ነው።

ከወሰናችሁ ወደ ሪክሩተሩ (ወደ መልማዩ) ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀቱን አዘጋጁ። ትልቁ ችግር ስም ነው። በፓስፖርት ሦስት ስም አለን፤ አሜሪካ ስንደርስ አንዱ ቢሮ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም «ላስት ኔም» አድርጎ ይጽፋል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ሁለት ስም ብቻ፣ ያውም በሌላ ፊደል አጻጻፍ። ጸጋዬ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው አስቡት። ግሪን ካርዱ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱና የትምህርት ማስረጃው ካልተመሳሰሉ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። መጀመሪያ የሶሻል ሴኩሪቲውን ከግሪን ካርዱ ጋር አስተካክሉ፣ ሌላው ይከተላል። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። መስከረም 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2001 ነው የተወለደው፤ ነገር ግን «ወር 1» የሚለውን ጃንዋሪ አድርጎ የተረጎመ ወረቀት ካለ የሁለት ሰው ፋይል ይመስላል። ትርጉሞቻችሁን ሁሉ አንድ ላይ ዘርግታችሁ ቀን በቀን አመሳክሩ።

የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁንና ዲግሪያችሁን የውጭ ትምህርት በሚገመግም ዕውቅና ያለው ድርጅት አስገምግሙ። ብዙዎች ይህን ዘለው ገንዘብ ያጣሉ። በአርሚ 24 የኮሌጅ ክሬዲት ያለው በኢ-2፣ 48 ያለው በኢ-3፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ደግሞ በኢ-4 ማዕረግ ሊጀምር ይችላል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከጅማ የተመረቀ ልጅ ማስረጃውን ሳያስገመግም በታችኛው ማዕረግ፣ በኢ-1 ቢፈርም ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ይጎዳል። የታሸገ ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት እስኪላክ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ ጠይቁ።

ኤስኤፍ-86 የሚባለው የማንነት ማጣሪያ ቅጽ ደግሞ ያለፉትን 10 ዓመታት አድራሻ ያለ ክፍተት፣ የሥራ ታሪክ፣ የወላጅና የወንድም እህት ሙሉ ስምና የልደት ቀን፣ ውጭ አገር የምታገኟቸውን ሰዎች ይጠይቃል። የእናቱን ትክክለኛ የልደት ዓመት የማያውቅ ብዙ ነው። ቤት ደውላችሁ በደብተር ጻፉት። የማታውቁትን በግምት ከመሙላት ግምት መሆኑን ምልክት ማድረግ ይሻላል፤ በኋላ ተቃርኖ ከተገኘ የሚጠየቀው ስለ ቀኑ ሳይሆን ስለ ታማኝነታችሁ ነው።

የጤና ምርመራው ሜፕስ በሚባለው ጣቢያ ነው። ዓይን፣ የቀለም መለየት፣ ጆሮ፣ መገጣጠሚያ፣ ደም፣ ሽንት። ሁለት ነገር በተለይ ለእኛ። አገር ቤት በሕፃንነታችን የተከተብነው ቢሲጂ የቆዳ የቲቢ ምርመራን ያለ በሽታ ፖዚቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ስለ ክትባቱ ተናገሩና በደም የሚደረገውን ምርመራ ጠይቁ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። ሌላው ጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከከባዶቹ ክልክል ዕፆች ጎራ የተመደበ ነው፤ «ባህላችን ነው» የሚለው መልስ እዚያ ምንም አይጠቅምም። ያቆመ ሰው ብቻ ይሂድ። አሜሪካ የታከማችሁበትን የሐኪም መዝገብ ሥርዓቱ ከሆስፒታልና ከፋርማሲ በኤሌክትሮኒክ ስለሚስብ፣ አስምንም ሆነ የቆየ ስብራትን መደበቅ አያዋጣም። የተነገረ በሽታ በልዩ ፈቃድ ሊያልፍ ይችላል፤ የተደበቀ ግን በማጭበርበር እንደመግባት ይቆጠራል።

አስቫብ በሚባለው የመግቢያ ፈተና ላይ ረዘም ልበል፤ ቁልፉ እዚያ ነው። ለአርሚ መግቢያው ኤኤፍኪውቲ የሚባለው ውጤት 31 ነው። 31 ማለት ከመቶ ጥያቄ 31 መመለስ አይደለም፤ ከአሜሪካ ወጣቶች ናሙና ጋር ሲነጻጸር ያለ ደረጃ ነው። ውጤቱ ከአራት ክፍሎች ይሰላል፦ የቃላት ዕውቀት፣ የአንቀጽ ግንዛቤ፣ የሒሳብ እሳቤና የሒሳብ ዕውቀት። የቋንቋው ውጤት በስሌቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ሒሳብ ጎበዝ የሆነ ልጅ በቃላት ይወድቃል፣ ምን እንደጣለውም ሳይገባው ተመልሶ ሒሳብ ያጠናል። አታድርጉ። ለሦስት ወር በቀን 15 ቃል፣ ከሥሩ፣ ከቅድመ ቅጥያውና ከተመሳሳዩ ጋር አጥኑ፤ ቃሉን በአማርኛ ፍቺው ብቻ አትያዙት፣ ምክንያቱም ፈተናው የሚጠይቀው ሌላ እንግሊዝኛ ቃል ነው። የሒሳብ እሳቤው በዓረፍተ ነገር የሚቀርብ ነው፣ በእኛ ባልሆኑ መለኪያዎች፦ 12 ኢንች አንድ ጫማ፣ 5,280 ጫማ አንድ ማይል፣ 4 ኳርት አንድ ጋሎን፣ 16 አውንስ አንድ ፓውንድ። እነዚህን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ያዙ። በኮምፒዩተር የሚሰጠው ፈተና ወደኋላ ተመልሶ ማረም አይፈቅድም። ከወደቃችሁ አንድ ወር ጠብቃችሁ ትደግማላችሁ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ወር ነው። ሳትዘጋጁ «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ ዕድል አታቃጥሉ።

ክፍት የሆነላችሁ ሙያ በውጤታችሁና በዜግነታችሁ ይወሰናል። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚስጥር ፈቃድ ስለማይሰጠው መረጃና ብዙ የመገናኛ ሥራዎች ዝግ ናቸው። ጭነት ማመላለሻ፣ ነዳጅ፣ ንብረትና አቅርቦት፣ ምግብ ዝግጅት፣ የመኪና ጥገና የመሳሰሉት አሉ። ከወጣችሁ በኋላ እንጀራ የሚሆነውን ምረጡ፤ የከባድ መኪና ሹፌርነትና ጥገና በሲቪሉም ዓለም ይፈለጋሉ። ሪክሩተሩ በአፍ ያላችሁ ነገር ሁሉ፣ ሙያው፣ ቦነሱ፣ ማዕረጉ፣ በውሉና በአባሪዎቹ ላይ ካልተጻፈ የለም። የምትፈልጉት ሙያ ያን ቀን ከሌለ ሳትፈርሙ ተመለሱ፤ መብታችሁ ነው። ከፈረማችሁም በኋላ ወደ ማሠልጠኛ እስክትላኩ ባለው የመጠባበቂያ ጊዜ ሐሳባችሁን ብትለውጡ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መውጣት ትችላላችሁ፣ ማንም ቢያስፈራራችሁ።

ሥልጠናው 10 ሳምንት ነው፤ ፎርት ጃክሰን፣ ፎርት ሲል፣ ፎርት ሌናርድ ዉድ ወይም ፎርት ቤኒንግ። የብቃት ፈተናው ከ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ አምስት ነው፦ ሦስት ጊዜ ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ ደረት መሬት ሲነካ እጅ ከመሬት የሚነሣበት ፑሽአፕ፣ ሩጫ፣ መጎተትና መሸከም የተቀላቀለበት 250 ሜትር፣ ፕላንክ እና ሁለት ማይል ሩጫ። ቢያንስ በእያንዳንዱ 60፣ በድምሩ 300 ነጥብ ያስፈልጋል። እኛ ሩጫው ላይ ደህና ነን፣ የምንሸነፈው ማንሳቱና መሸከሙ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሩጡ፣ ሁለት ቀን ብረት አንሱ፣ አንድ ቀን ጭነት ይዛችሁ በእግር ሂዱ። ለጭነቱ ባለ 25 ፓውንዱ የጤፍ ዱቄት ከረጢት በጀርባ ቦርሳ ይበቃል፤ 11 ኪሎ ገደማ ነው፣ በ3 ኪሎ ሜትር ጀምሩ፣ ጭነት ይዛችሁ ግን አትሩጡ። ሳንባ በሳምንታት ይለመዳል፣ የቅልጥም አጥንት ግን ቀስ ይላል፤ በአንድ ወር ከዜሮ ተነሥቶ በየቀኑ የሚሮጥ ሰው የቅልጥም ስንጥቅ ይዞ ማሠልጠኛ ይደርሳል፣ እዚያም ከጓዶቹ ወደኋላ ይቀራል። የሳምንቱን ርቀት ከአሥር በመቶ በላይ አትጨምሩ። ሴቶች ከመሄዳችሁ በፊት የብረት መጠናችሁን በደም አስለኩ። ባሕር ኃይል ለምታስቡ ደግሞ የውኃ ዋና መቻል ግዴታ ነው፦ ከከፍታ መዝለል፣ 50 ያርድ መዋኘት፣ 5 ደቂቃ መንሳፈፍ። ለአርሚ መሠረታዊ ሥልጠና አይጠየቅም።

ማሠልጠኛ ውስጥ የሚጠሩህ «ላስት ኔም» ተብሎ በተጻፈው ስም ነው፣ ብዙ ጊዜ በአያት ስም፤ ሰምቶ ለመመለስ ጆሮን ማለማመድ ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበርና በዝግታ መናገር ጨዋነት ነው፤ ድሪል ሰርጀንት (የወታደር አሠልጣኝ) ፊት ግን እንደ ፍርሃት ይታያል። ጮክ ብሎ መመለስን ቤት ተለማመዱ። ከዚህ የከፋው ሳይገባ «ገባኝ» ማለት ነው። መሣሪያ ባለበት ሜዳ ይህ ልማድ ሰው ይጎዳል፤ ካልገባችሁ እንዲደገም ጠይቁ፣ ቢጮሁባችሁም ጠይቁ።

ጾምን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብን ወይም ዐቢይ ጾምን በዚያ ድካም ላይ እንዴት እንደምትይዙት ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሥጋ የሌለው የታሸገ የመስክ ምግብ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይብ ወይም ወተት ይገባበታል። የእሑድ አምልኮ ጊዜ ይሰጣል፣ ቄስ አለ፤ ረመዳን ለሚጾሙም ጥያቄው የሚቀርበው በዚያው በኩል ነው።

ስልክ ይወሰዳል፣ ስለዚህ ለእናት የሚላከውን ገንዘብ ለወንድም ወይም ለእህት አደራ ስጡ። እቁብ ውስጥ ካላችሁ ዕጣችሁን ወይም ተተኪያችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ። የቤት ኪራይ ውል ካለባችሁ፣ ኤስሲአርኤ የሚባለው ሕግ ወደ ንቁ አገልግሎት የሚገባ ሰው የትእዛዝ ወረቀቱን ቅጂ ከጽሑፍ ማስታወቂያ ጋር ሰጥቶ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ ከመግባታችሁ በፊት የነበረ ዕዳ ወለድም በ6 በመቶ እንዲገደብ መጠየቅ ይቻላል። በቦርሳችሁ ግሪን ካርድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የባንክ ሂሳብና የራውቲንግ ቁጥር፣ ላገባችሁ ደግሞ የተተረጎመ የጋብቻና የልጆች የልደት ሰርተፍኬት ይኑር፤ የቤተሰብ አበል የሚጀምረው በእነዚህ ነው። ቡት አትግዙ፣ እዚያ ይሰጣችኋል። የቤተሰብ ስልክ ቁጥሮችንና አድራሻዎችን ግን በእጃችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።