ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚገርፋችሁ?

የእማዬ ቤት ጣሪያ ሌላ ክረምት እንደማይችል የገባን ሚያዝያ ላይ ነው። ዋናው ዝናብ ገና ሩቅ ነበር። የበልጉ ብቻ ሳሎን ውስጥ ሳፋ፣ ጓዳ ውስጥ ድስት አስደረደረን። እማዬ ግን «ምን ታካብጃለሽ፣ ትንሽ ሬንጅ ይቀባል» አለች። ሬንጁ እኮ ነው የጨረሰን። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ የሰፈር ልጅ ሬንጅና ጨርቅ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ፣ በእግሩ ሌላ ከፍቶ ይወርዳል።

ቤቱ ጉለሌ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ከውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ። አባዬ ቆርቆሮውን ያስመታው እኔ ሳልወለድ ነው። እስካሁን መቆየቱ ራሱ ይገርማል። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። እሱ ካለቀ ቀለሙም ሬንጁም የአንድ ሰሞን ነገር ነው።

ገንዘቡን ተሰባስበን ሞላነው። የእኔ እቁብ ወጣልኝ፤ ወንድሜ ከሜሪላንድ ላከ፤ እማዬም ከየት እንዳመጣችው የማትናገረውን ጥሪት አወጣች። የእድሳት ፈቃዱን ከወረዳ ያዝኩ። ይሄን መዝለል አይመከርም፤ ቆርቆሮ ከአይሱዙ ላይ ሲወርድ ያየ ደንብ አስከባሪ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ከዚያ ሠሪ ፍለጋ ገባሁ።

የመጀመሪያው በደላላ የመጣ ነው። መኪናውን በር ላይ አቆመ፣ ግቢ ሳይገባ ቀና ብሎ አየና በካሬ ዋጋ ጠራ። ማቴሪያሉንም የእጅ ዋጋውንም እሱ ጠቅልሎ ሊይዝ፣ 70 በመቶ በቅድሚያ። «ከሥሩ ያለው እንጨት ምን እንደሚመስል ሳታይ?» አልኩት። «እሱ በሥራ ላይ ይታያል» አለኝ። በሥራ ላይ በሚታይበት ሰዓት እኮ ጣሪያው ተነስቷል፣ 70 በመቶው እሱ ኪስ ገብቷል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ያኔ «ጨምሪ» ቢለኝ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? አመስግነን ሸኘነው።

ሁለተኛው ወጣት ነው፣ አፉ ማር። የካሬ ዋጋው ከመጀመሪያው በደንብ ይረክሳል። ደስ ብሎኝ ጠቅላላውን ሳስደምረው ግን ከመጀመሪያው በለጠ። እንዴት? ነገሩ ካሬው ላይ ነው። የእማዬ ቤት ወለሉ 8 በ6 ነው፤ 48 ካሬ። ጣሪያው ግን በየአቅጣጫው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ስለሚወጣ 9 በ7 ይሆናል፤ 63። ተዳፋቱ ሲታሰብ ወደ 66 ይጠጋል። የመጀመሪያው ሰው ያሰላው በወለሉ ነበር። ወጣቱ በጣሪያው ለክቶ፣ ላዩ ላይ «ለብክነት» ብሎ 80 አደረሰው። ሁለቱም ዋሹ ማለት አልችልም። ግን የሁለት ሰው የካሬ ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

በዚያ ላይ የወጣቱ ወረቀት «ቆርቆሮ» ይላል እንጂ ስንት ጌጅ እንደሆነ አይልም። በጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጠንካራ ነው፤ 35 ሰው ሲረግጠው ይጎደጉዳል። ከርቀት ግን ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ። «የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ጥሩው» አለኝ።

ጋሼን ያገኘናቸው በእማዬ እድር በኩል ነው። ሽማግሌ አናጺ ናቸው። ስልክ የሚያነሱት ሲፈልጉ ነው። ሲመጡ መጀመሪያ ያሉት «መሰላል አለ?» ነው። ጣሪያው ላይ ግን ቶሎ አልወጡም። ሳሎን ገብተው ኮርኒሱን አዩት። ውሃ የጠጣበትን ቦታ በጣታቸው እየነኩ ዞሩ። ከዚያ እማዬን አስፈቅደው በጥግ በኩል አንዱን ቺፑድ አነሱና አንገታቸውን አስገቡ። ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ወራጁን፣ ቆርቆሮውን የተሸከመውን እንጨት፣ ወጋ አደረጉት። የመጀመሪያው እንጨት ጠጣር ነው፤ ካቻቢቴው ነጥሮ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ግድግዳው ላይ ያረፈው ጫፍ ጋ ሲደርሱ ግን ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። ቡናማ ዱቄት ፊታቸው ላይ ተራገፈ። «ምስጥ» አሉ፣ ጺማቸውን እየጠረጉ። «ቆርቆሮውስ ደግ ነው፤ ዝጓል ብሎ ይናገራል። ይሄ ነው ዝም ብሎ የሚበላችሁ።»

ቀጥለው ወደ እማዬ ዞሩ። «እትዬ፣ ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚገርፋችሁ?»

እማዬ ይሄን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረች ነው የመሰለችው። በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ ሐምሌ ላይ ነፋሱ ከየት ዞሮ እንደሚመጣ፣ በረዶ የጣለ ጊዜ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚያፈስ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እሳቸውም አላቋረጧትም። በኋላ ለምን እንደጠየቁ ጠየቅኳቸው። ቆርቆሮ በጎን ሲደራረብ መጋጠሚያው ለነፋሱ ጀርባውን መስጠት አለበት። ስለዚህ ምቱ የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ነው። በግልባጩ ከተመታ ነፋሱ ውሃውን እየገፋ ከሥር ያስገባዋል። ይሄን ከሥሩ ከሚኖረው ሰው በላይ ማን ያውቃል? ከእሳቸው በፊት የመጡት ግን እማዬን ከሰላምታ ያለፈ አላናገሯትም።

እማዬ እዚያው ልትዋዋል ነበር። እኔ ሥራቸውን ልይ አልኩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አዲስ ጣሪያ ሁሉ ያምራል። ባለፈው ወር የተሠራ ቢያሳዩህ ምንም አይነግርህም። «ቆየት ያለ ያሳዩኝ» አልኳቸውና ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለ ቤት ጠቆሙኝ። በሩን የከፈተችልኝ ሴትዮ ግልጽ ናት። «ሥራው አንደኛ ነው። ስንት ክረምት አለፈ፣ ጠብ አላለብንም። ግን ሰኞ ካሉሽ ሐሙስ ጠብቂ።» ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የምስክር ወረቀት ይመጣል?

ወንድሜ በስልክ «ኢንሹራንስ አለው ወይ?» አለኝ። እሱ አገር ጣሪያ የሚቀይር ድርጅት መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው አሉ። ጋሼ ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄው ከሐሳቤ አልወጣም። ሰው ከጣሪያ ላይ ቢወድቅ ሳቁ የት ይደርሳል? ስለዚህ ላይ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ወገቡ ላይ ገመድ እንዲያስር ተነጋገርን። ልጆቹ አልወደዱትም። አሰሩ።

ውሉን በወረቀት አደረግነው፣ በሁለት ምስክር። አንዱ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ሌላው የጎናችን ጎረቤት። ጎረቤቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። የጣሪያችን ውሃ ሲንጠባጠብ የኖረው እሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ አሸንዳ መሰቀሉን ከእኔ በላይ ይከታተላል። ማቴሪያሉን እኛ እንገዛለን፣ ለእሳቸው የእጅ ዋጋ። ቀብዱ ትንሽ፤ እንጨቱ ሲያልቅ አንድ ክፍያ፣ ቆርቆሮው ሲመታ ሌላ። አሥር በመቶው ግን የሚከፈለው ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ነው።

ስለ ቀብድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ያው ሕግ፣ ግንባታውን የሠራው ሰው ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ይሄንን ለጋሼ ሳነብላቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ አሥር ዓመት እግዜር ራሱ ለእኔ አልፈረመልኝም» አሉ። ፈረሙ ግን።

የቆርቆሮ ግዢው ሌላ ታሪክ ነው። በአጭሩ፦ መርካቶ፣ ቆርቆሮ ተራ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብረት ነገር ዋጋው አይያዝም። እኔ ያመጣሁት ፕሮፎርማ ግርጌ ላይ «ዋጋው ለ3 ቀን ብቻ» ይላል። ወንድሜ ኢጋ የሚባለው ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ይሁን ብሎ ነበር። ጋሼ «የኛ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፣ ወልጋዳ ነው። ኢጋ ደግሞ ቀጥ ያለ ይወዳል» አሉ። ባለ 28 ጌጅ ተራውን ወሰድን። ሻጩ ሲጭን እሳቸው ቆመው አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፉን ይዳብሱ ነበር። ከመሃል የሳሱ አግኝተው አስመለሱ። ሻጩ ሳይከራከር ቀየረ፤ እሱ ነው ያስገረመኝ።

ሥራው ሰኞ ይጀመራል ተባለ። ረቡዕ ተጀመረ።

ጣሪያውን በአንድ ጊዜ አላነሱትም። ጠዋት አንዱን ጎን ይገልጣሉ፤ ከሰዓት በፊት እንጨቱን ቀይረው ይመታሉ፤ ሌላው ጎን ሸራ ለብሶ ይጠብቃል። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አትታመንም። ከኮርኒሱ በላይ የአይጥ ጎጆ፣ የደረቀ ድመት የሚመስል ነገር እና የወንድሜ ኳስ ተገኘ። ኳሱን ፎቶ አንስቼ ላኩለት። ያን ጊዜ «ጎረቤት ሰረቀኝ» ብሎ የተደባደበበት ኳስ ነው።

ምስጥ የበላቸው ወራጆች ከተገመተው በዙ። ተጨማሪ አጠናና ሞራሌ ገዛን። ጋሼ አዲሱን እንጨት ግድግዳ ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ ሁሉ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አስቀቡት። ቤቱ ለአንድ ሳምንት ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። እማዬ ዕጣን አጨሰችበት፤ ባሰ።

አንዱን ነገር ከሥር ቆሜ ስላየሁት ልንገራችሁ። ከረዳቶቹ አንዱ ሚስማሩን የቆርቆሮው ጎድጓዳ ላይ ይመታል። እዚያ ቆርቆሮው እንጨቱን ስለሚነካ መምታት ይቀላል፤ ድምጹም ያስደስታል። ጋሼ ከታች ሆነው ጮሁ፦ «ጀርባው ላይ! ውሃ በየት እንደሚሄድ አታይም?» ውሃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነው። ሚስማሩ እዚያ ካለ፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማ ባረጀ ማግስት ማፍሰስ ይጀምራል። ጉብታው ላይ ሲሆን ውሃው አጠገቡ ያልፋል። ልጁ የመታውን እንዲነቅል አልፈቀዱለትም፤ ያችን ቆርቆሮ አስወርደው ሌላ አስመቱ። የተበሳችውን እማዬ ወዲያው ለማድ ቤቱ ያዘቻት።

ያልተስማማንበት ነገርም ነበር። የተጨመረው እንጨት የእጅ ዋጋ ውሉ ላይ አልነበረም። ጋሼ የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ በሙሉ ጠየቁ፤ እኔ ግማሹን አልኩ። ድምጻችን ከፍ አለ። እማዬ ሽሮውን አቅርባ «ብሉ፣ ከዚያ ትጣላላችሁ» አለች። ከምሳ በኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ ተገናኘን። ሲመቸኝ ሳስበው ትክክለኛ ዋጋ ነው፤ ያን ዕለት ግን ንድድ ብሎኝ ነበር።

አሮጌው ቆርቆሮ ለቆራሌው ሄደ። የተደራደረችው እማዬ ናት፤ እኔ ብሆን በነጻ እሰጠው ነበር። ልጁ በኪሎ ሊወስድ፣ እሷ በፍሬ ልትሸጥ። አሸነፈች።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መጣ። በረዶ የቀላቀለ፣ ከዚያው እማዬ ካለችው አቅጣጫ። ሳሎኑ ደረቅ ነው፤ መኝታ ቤቱም። ኮሪደሩ ላይ ግን ጠብ፣ ጠብ። የመብራት ገመድ የሚገባበት ቱቦ ቆርቆሮውን በስቶ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ለጋሼ ደወልኩ። «ነገ» አሉ። በሦስተኛው ቀን መጡ። በቱቦው ዙሪያ ከላሜራ አንገት ቆርጠው አለበሱት፤ ከላይ ማሸጊያ ቀቡት፤ ውሃ በባልዲ አስደፍተው እሳቸው ራሳቸው ኮሪደር ገብተው አንጋጠው ቆሙ። ጠብ አላለም። አሥር በመቶዋን ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፣ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጡ።

ጎረቤቱ አሁን የእሱንም ሊያስቀይር ነው። ስልካቸውን ሰጠሁት። ሰኞ ካሉት ሐሙስ እንዲጠብቅ፣ የተጨማሪ እንጨትን የእጅ ዋጋ ደግሞ አስቀድሞ ውሉ ላይ እንዲያስገባ ነግሬዋለሁ።