መመሪያው እኔ ጋ ይሰራል፣ አንባቢው ጋ ይሰበራል

የፕሮግራማችን መመሪያ ለዓመታት የኖረው በአንድ ረዥም የዎርድ ፋይል ውስጥ ነበር። ማን ምን እንደቀየረ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ባልደረባዬ ድሮ የተሰረዘ ትዕዛዝ ከዚያው ፋይል ቀድቶ ለደንበኛ ላከ። በቃ፣ ድረ ገጽ ላይ እናውጣው አልኩ።

ጽሑፍን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር መሳሪያ መምረጡ ብዙ አልፈጀም። ሁጎ ፈጣን ነው። ስፊንክስ ከፓይተን ኮድ ውስጥ ማብራሪያ አውጥቶ ያዘጋጃል። እኔ ግን ኮድ የማይጽፉ ባልደረቦቼም እንዲያርሙት ስለፈለግኩ ኤምኬዶክስን ያዝኩ። ጽሑፉ በማርክዳውን ነው፣ ማለትም ርዕስና ዝርዝር በቀላል ምልክቶች በሚለዩበት ተራ ጽሑፍ፤ ቅንብሩ ያምል በሚባል አጻጻፍ በተዘጋጀ አንድ ፋይል ያልቃል። «ኤምኬዶክስ ሰርቭ» በሚለው ትዕዛዝ ማስነሳትና ብራውዘር ላይ የራስህን ኮምፒውተር አድራሻ 127.0.0.1:8000 መክፈት ነው። ፋይሉን ሴቭ ባደረግክ ቁጥር ገጹ ራሱን ያድሳል።

ዎርዱን ወደ ማርክዳውን የቀየረልኝ ፓንዶክ የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱ በደቂቃ ጨረሰ፤ እኔ ሳጸዳ ሦስት ሳምንት ሄደ። በተለይ ቁጥር ያላቸው ደረጃዎች አናደዱኝ። በደረጃው ስር የሚገባ ኮድ በ4 ክፍት ቦታ ካልገባ ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ከ1 ይጀምራል። እኔ በ2 ነበር የማስገባው።

ገጹን ድረ ገጽ በሚያስተናግደው የጊትሃብ ፔጅስ አገልግሎት ላይ ለቀቅኩት። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያማረው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይሰናከል ጀመር። ስፋታቸውን ለመወሰን ብዬ በኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ያስገባኋቸው ምስሎች ጠፉ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፣ ገጹ ያለበት ሰርቨር ግን ይለያል። ዶሜናችንም (የድረ ገጻችን የራሱ ስም) ባሳተምኩ ቁጥር ይጠፋ ነበር። የዶሜን ስሙን የያዘችው ፋይል እኔ ጽሑፍ በማስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ስላልነበረች፣ አዲሱ ቅጂ ሲጫን ተጠርጋ ትሄዳለች። ወደ ፎልደሩ ሳስገባት ነገሩ አበቃ።

ከሁሉም የከፋው ግን የርዕሶች አድራሻ ነው። ሊንክ በቀጥታ እዚያ እንዲያደርስ፣ ኤምኬዶክስ ለእያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ ከቃላቱ አድራሻ ያበጃል። ነባሪው አሰራር ግን የላቲን ያልሆነውን ፊደል ይጥለዋል። ርዕሶቼ አማርኛ ናቸው፤ ስለዚህ የሚተርፈው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። «የይለፍ ቃል መቀየር» የሚለው በገጹ ሦስተኛ ርዕስ ስለሆነ አድራሻው ከስር ሰረዝ ቀጥሎ 3 (_3) ሆነ። እኔ ምን አውቄ፣ ሊንኩን ለደንበኞች በተንኩት። ከወር በኋላ ከላዩ «አካውንት መሰረዝ» የሚል ክፍል ጨመርኩ። ቁጥር 3 አሁን እሱ ሆነ። የይለፍ ቃሏን ልትቀይር የመጣች አንዲት ደንበኛ ደውላ «ለምንድነው አካውንቴን አጥፊ የምትሉኝ?» አለችኝ። ምን ልበላት!

የተሰበረ ሊንክ ሲያገኝ ሥራውን የሚያቆም ስትሪክት የሚባል አማራጭ አለ፤ አሁን ያለሱ አላሳትምም። ይሄንን ግን አይዝም። ሊንኩ አልተሰበረማ፣ የሚያደርሰው ሌላ ቦታ ነው። አድራሻው የግዕዝ ፊደላትን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ግን ርዕሱን ባረምክ ቁጥር አድራሻው አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ለየርዕሱ አጭር መለያ በእጄ መስጠት መረጥኩ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ርዕሱን እንደፈለግኩ ሳርም ግን ሊንኩ ንቅንቅ አይልም።

የድሮዎቹን ሊንኮች ማዳን አልቻልኩም። የርዕሱ አድራሻ ሊንኩ ውስጥ የሚገባው ከፓውንድ ምልክቷ (#) በኋላ ነው፤ ከእሷ በኋላ ያለው ክፍል ሰርቨር ጋ ስለማይደርስ፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ቦታ ማዞር አይቻልም። አሁን አሮጌውን ሊንክ የሚከፍት ሰው የገጹ አናት ላይ ያርፋል። ቢያንስ «አካውንት መሰረዝ» ላይ አይወድቅም።