የሁለተኛዋ ኦቦ ወንበር

ዛሬ ሲመሽ ያ የምታውቁት ስሜት ተመልሶ መጣብኝ። ሐዘን ነው እንዳልል የሚያሳዝነኝ ነገር አልገጠመኝም፤ ድካም ነው እንዳልልም ቀኑን ሙሉ ያደረግሁት ነገር የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ታናሿ በሯን ዘግታ ለፈተናዋ ታጠናለች፣ እኔ ደግሞ እንዳርመው የተላከልኝን ጽሑፍ ፊቴ ዘርግቼ አንዱን አንቀጽ ደጋግሜ አነባለሁ። በመጨረሻ ጽሑፉን ወዲያ ገፋ አድርጌ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ የእንግሊዛዊቷ የሙዚቃ ደራሲ የሩት ጊፕስ ሁለተኛ ሲምፎኒ መጣልኝ። ከዚህ ቀደም የሰማሁት ሥራ ነው። የዛሬው ልዩነት ሙዚቃውን ትቼ ስለ ሴትዮዋ ማሰብ መጀመሬ ነው፤ ማሰቡም አላቆመልኝ ስላለ እነሆ እጽፈዋለሁ።

ሩት ጊፕስ በ1921 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቤክስሂል በምትባል የደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደች። እናቷ ከስዊዘርላንድ የመጣች የፒያኖ መምህርት ስትሆን በዚያችው ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ታስተዳድር ነበር፤ ስለዚህ ልጅቱ ያደገችው ከጠዋት እስከ ማታ የፒያኖ ድምፅ በማይጠፋበት ቤት ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናት የጻፈችው የፒያኖ ሥራ ታትሞ ለገበያ ቀረበ። በ1937 ሎንዶን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሙዚክ ገብታ ድርሰትን ከጎርደን ጃኮብና ከራልፍ ቮን ዊልያምስ፣ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ደግሞ በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ አቻ ካልነበረው ከሊዮን ጉሰንስ ተማረች። ቮን ዊልያምስ በ1944 የኦቦ ኮንሰርቶውን (ኮንሰርቶ አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር በሶሎ የሚጫወትበት ሥራ ነው) የጻፈው ለዚሁ ለጉሰንስ ነው። ፒያኖዋንም አልተወችም፤ መተው የሚባለውን ነገር መቼም አታውቅበትም ነበር።

ኦቦ ለማያውቀው ሰው ክላርኔት ይመስለዋል፤ ባሕርዩ ግን ሌላ ነው። አፍ ላይ የሚያዘው ሁለት ስስ የሸምበቆ ቅርፊቶች ተገጣጥመው የታሰሩበት ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ በመሆኑ ትንፋሽ በብዛት አያስወጣም። የተጫዋቹ ጭንቀትም አየር ማጣት አይደለም፤ የተቃጠለው አየር ደረቱ ውስጥ ስለሚጠራቀም አዲስ ከመሳቡ በፊት የቀረውን አስወጥቶ መጨረስ ይኖርበታል። ያንን ሸምበቆ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ይቆርጡታል፣ ይፍቁታል፣ በክር ያስሩታል፤ በስንት ድካም የተበጀው ዕቃ ታዲያ ቶሎ ያረጅና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ኮንሰርት ሊጀመር ሲል መላው ኦርኬስትራ መሣሪያውን የሚያስተካክለው ኦቦው በሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ይህን ክብር የሚያገኘው ግን የመጀመሪያው ኦቦ ነው። ሁለተኛው ከጎኑ ተቀምጦ ዝቅ ያሉትን ድምፆች በለሆሳስ ይይዛል፤ እነርሱም ኦቦ ላይ በለሆሳስ ለማውጣት ከሁሉ የሚያስቸግሩት ናቸው። ሁለተኛው ኦቦ ቢሳካለት አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው አያስተውለውም፣ ቢሳሳት ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ሩት ጊፕስ በ1944 በበርሚንግሃም ከተማ ኦርኬስትራ ተቀጥራ የያዘችው ይህንን ወንበር ነው፤ ሁለተኛ ኦቦ፣ ሲያስፈልግም ኮር አንግሌ፣ ማለትም ከኦቦ ረዘም ያለና ድምፁ ዝቅ ያለ ዘመዱ። በዚያን ጊዜ ማንም የማያውቃት ጀማሪ አልነበረችም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና በ21 ዓመቷ፣ ሄንሪ ዉድ በሎንዶኑ የፕሮምስ ኮንሰርቶች የመጨረሻ ምሽት ላይ አንድ የኦርኬስትራ ድርሰቷን መርቶላታል። በዚያው ዓመት ክላርኔት ተጫዋቹን ሮበርት ቤከርን አገባች፤ የመጀመሪያ ሲምፎኒዋንም በዚያው ዓመት ጻፈች። በጦርነቱ ዘመን ስንቱ ወጣት ሰልፍ ላይ ስለነበር በኦርኬስትራዎች ውስጥ ለሴቶች ቦታ መከፈቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም የተከፈተውን ቦታ እንደ እርሷ በአንድ ጊዜ በሦስት እጅ የያዘ ሰው አላውቅም።

ሌሊቱን የሚያስቆጨኝ በመጋቢት 1945 የቀረበ አንድ ኮንሰርት ነው። በዚያ ኮንሰርት ሩት ጊፕስ መድረኩ ፊት ለፊት ወጥታ የግላዙኖቭን የፒያኖ ኮንሰርቶ በሶሎ ተጫወተች። በዚያው ምሽት የራሷ የመጀመሪያ ሲምፎኒ ለሕዝብ ሲቀርብ ደግሞ እርሷ ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ መካከል ተቀምጣ ኮር አንግሌ ትነፋ ነበር። በአንድ ምሽት አንድ ጊዜ እንግዳ ባለሙያ፣ አንድ ጊዜ የሙዚቃ ደራሲ፣ አንድ ጊዜ የደመወዝተኛ ተጫዋች ሆነች ማለት ነው። የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የችሎታዋ ማስረጃ አድርገው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከዚያ ወንበር መነሳት አቃተኝ።

ኮር አንግሌ የሚነፋ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራው መጠበቅ ነው። ረዥም ዕረፍት በቁጥር ተጽፎለት ይሰጠዋል፤ ባሮቹን (የሙዚቃውን የምት ክፍሎች) በልቡ እየቆጠረ፣ ሸምበቆው እንዳይደርቅ በከንፈሩ እያረጠበ፣ መሣሪያው እንዳይቀዘቅዝም እጁ ውስጥ ይዞት ይቀመጣል። እንግዲህ የምትቆጥረው የራስህን ሲምፎኒ ነው እንበል። ቫዮሊኖቹ የሚጫወቱትን አንተ ነህ የጻፍከው፤ ጥሩምባው ሊገባ ሲል ከርሱ ቀድመህ ታውቃለህ። ፊትህ ያለው ወረቀት ላይ ግን የአንተ መስመር ብቻ ነው የተጻፈው፣ የቀረው ባዶ ባር ነው። አንድ ደራሲ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ አዳራሹ ውስጥ ጥግ ይዞ ጥፍሩን ይነክሳል፣ ወይም ራሱ በትሩን ይዞ ይመራል። ቆጠራ ላይ ሆኖ የሚሰማ ስንት ነው? ከዚያ ወንበር የተማረችው ነገር እንዳለ ግን ከሙዚቃዋ ይታወቀኛል። ለትንፋሽ መሣሪያዎች ስትጽፍ ተጫዋቹ የት እንደሚተነፍስ አስባ ነው የምትጽፈው፤ ችላ የተባሉትንም አትረሳም። በ1969 ‹ሌቫያታን› የተባለ ሥራዋን የጻፈችው በኦርኬስትራ ውስጥ ከሁሉ በታች እያጉረመረመ ለሚኖረው፣ ድብል ባሱን ለተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ይህን መሣሪያ ከኦርኬስትራው ፊት አውጥቶ ሶሎ ያስጫወተ ደራሲ ብዙ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በ26 ዓመቷ ከደርሃም ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለች። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁም አድጎ ሆርን ተጫዋች ሆነና በ1968 የሆርን ኮንሰርቶ ጻፈችለት። በ33 ዓመቷ በትከሻዋ ላይ የደረሰ ጉዳት የተጫዋችነት ሕይወቷን አበቃው። መምህሯ ጉሰንስ በ1962 በመኪና አደጋ ጥርሱና ከንፈሩ ተጎድቶ ሳለ አነፋፉን እንደ አዲስ ተምሮ ወደ መድረክ ተመልሷል። ተማሪዋ አልተመለሰችም፤ በትሩን አነሳች።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ለሴት ኮንዳክተር (የኦርኬስትራ መሪ) ኦርኬስትራ የሚያስረክብ ቦርድ አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እርሷም ደጅ ስትጠና ዕድሜዋን ልትጨርስ ስላልፈለገች የራሷን መሠረተች። በ1955 የጀመረችው ኦርኬስትራ መጀመሪያ ‹የአንድ ልምምድ ኦርኬስትራ› ይባል ነበር፤ በኋላ የሎንዶን ሬፐርቶሪ ኦርኬስትራ ሆነ። ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ተጫዋቾች ሥራ ሲያገኙ ኖታውን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው እንዳያዩት በርካታ ሥራዎችን አስቀድመው የሚለማመዱበት ቦታ እንዲሆን ነበር ዓላማዋ። በ1961 ደግሞ ቻንቲክሊር የተባለውን የባለሙያዎች ኦርኬስትራ አቋቋመች፤ የዚህኛው ደንብ በየኮንሰርቱ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ደራሲ ሥራ እንዲቀርብ ነበር። ዛሬ ስሙ የገነነው ቼሎ ተጫዋች ጁልያን ሎይድ ዌበር የአርተር ብሊስን የቼሎ ኮንሰርቶ ሎንዶን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው በእርሷ መሪነት ነው። በዚህ ላይ ታስተምራለች፤ በ1967 የብሪታንያ የሙዚቃ ደራስያን ማኅበርን በሊቀመንበርነት መርታለች።

እንግዲህ የሲምፎኒዎቿን ዓመታት ተራ በተራ አስቀምጬ አየሁ። የመጀመሪያው 1942፣ ሁለተኛው 1945፣ ሦስተኛው 1965። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሃያ ዓመት ባዶ ነው። በእነዚያ ዓመታት የፒያኖ ኮንሰርቶና ሌሎች ሥራዎች መጻፏን አልዘነጋሁም፤ ዳሩ ግን በ24 ዓመቷ ሁለት ሲምፎኒ የነበራት ሰው ሦስተኛውን በ44 ዓመቷ ስትጽፍ በመካከል ያለውን ዘመን ማን ወሰደው ብሎ መጠየቅ ያለ ነው። ወንበር የሚያዘጋጀው ሰው፣ ኖታ የሚከራየው ሰው፣ ያልመጣውን የቫዮላ ተጫዋች ስልክ እየደወለ የሚፈልገው ሰው ሁሉ እርሷ ነበረች ብዬ ሳስብ እናደዳለሁ። መናደዴ ግን ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሦስተኛውን ሲምፎኒ በ1966 ለሕዝብ ያሰማው ያው የገዛ ኦርኬስትራዋ ነው፤ እርሱ ባይኖር ማን ይጫወተው ነበር? ደግሞም በ1972 የጻፈችው አራተኛው፣ ለብሊስ ያበረከተችው፣ በእኔ ጆሮ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ቆሞ የሌሎችን ሥራ ያልመራ ሰው እንዲያ አይጽፍም። ጊዜዋን የበላው ነገር እጇንም ያበሰለው ከሆነ ንዴቴን ማን ላይ እንደማሳርፈው አላውቅም።

የዋህ አድርጌ እንዳልስላት ደግሞ እፈራለሁ። የሚያውቋት ሁሉ ኃይለኛ፣ የማትመለስ፣ ሰው የምታስቀይም እንደነበረች ይናገራሉ። አሥራ ሁለት ድምፆችን በእኩልነት የሚያሰልፈውን የሾንበርግን ስልትና ከርሱ የወጣውን ሁሉ ሙዚቃ አይደለም ብላ አጥብቃ ተቃወመች፤ እስከ መጨረሻውም የጻፈችው በቮን ዊልያምስ ጎዳና ነው። በ1959 ዊልያም ግሎክ የቢቢሲ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኖ የአዲሱን ሙዚቃ በር ሲከፍት እንደ እርሷ ያሉት ደራስያን በሬዲዮ የሚሰሙበት ዕድል ጠበበ። በዚህ ጉዳይ እኔ ከእርሷ ጋር አልስማማም፤ የተቃወመቻቸውን ሰዎች ሙዚቃ እወዳለሁ፣ ዛሬ በዚህ መንፈስ ላይ ሆኜም ቢሆን ከመካከላቸው አንዱን መስማት አያስቸግረኝም። ይሁን እንጂ ሰው በዘመኑ ፋሽን ተሸንፎ እጁን ሳይሰጥ አምስተኛውን ሲምፎኒ በ61 ዓመቱ መጻፉ ግትርነት ብቻ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ያ አምስተኛው የተበረከተው ለእንግሊዛዊው ደራሲ ለዊልያም ዋልተን ነው።

በ1981 የኤም.ቢ.ኢ. ኒሻን ሰጧት፣ በ1999 አረፈች። በ2018 ቻንዶስ የተባለው አሳታሚ ሁለተኛውንና አራተኛውን ሲምፎኒዎች በዌልስ የቢቢሲ ኦርኬስትራ አስቀርጾ ሲያወጣ ‹የተረሳችው ሴት ደራሲ› የሚለው ነገር በየቦታው ተጻፈ። ይህን አባባል አልወደውም። የተረሳች ስትባል አንድ ቦታ ዝም ብላ ተቀምጣ የነበረች ይመስላል፤ በእርሷ ኦርኬስትራ ሥር ያለፉት ወጣት ተጫዋቾች እኮ በየኦርኬስትራው ተበትነው ዕድሜ ልካቸውን ሲጫወቱ ኖረዋል።

አሁን ታናሿ እንኳ ተኝታለች፤ እኔ ግን ወደ 1945ቱ ወንበር ተመልሼ አንድ ነገር እያብላላሁ ነው። ያን ምሽት የበርሚንግሃምን ኦርኬስትራ የመራው ጆርጅ ዌልደን በሆነ ቦታ ላይ እርሷ ካሰበችው ፍጥነት ዘግይቶ ቢሄድስ? ደራሲዋ በልቧ የጻፈችውን ፍጥነት ትሰማለች፤ ኮር አንግሌ ተጫዋቿ ግን የመሪውን በትር መከተል ግዴታዋ ነው። ሁለቱም የሚቆጥሩት በአንድ አፍ ነው። ተራዋ ሲደርስ በየትኛው ቆጠራ ገባች? የኦርኬስትራ ሰዎች ይህን ስታነቡ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ፤ በእጄ ሳላጨበጭብ እስከ አራት ምት መቁጠር የማልችል ሰው፣ ነገ የሚረከቡኝን ጽሑፍ ከሁለተኛው ገጽ ሳላሳልፍ፣ የሰማንያ ዓመት ቆጠራ ሳጣራ እያደርኩ ነው።